የሞተር መጋዝ ሲያስቸግር፦ ለአነስተኛ የዛፍ ቆረጣ ሥራ የችግርና መፍትሄ መመሪያ

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የግቢ ዛፍ የሚቆርጡና ቅርንጫፍ የሚያሳጥሩ ትንንሽ የሥራ ቡድኖች ኑሯቸው የተንጠለጠለው በአንድ ወይም በሁለት የሞተር መጋዝ ላይ ነው። አንዱ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ከታች ገመድ ይይዛል፣ ሌላው የወረደውን ይከትፋል፤ መጋዙ አልሠራ ሲል ግን ሦስቱም ይቆማሉ፣ የግቢው ባለቤትም በረንዳ ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። በዚህ ጥድፊያ መካከል ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ካቻቢቴ አንስቶ ካርቡራተሩን፣ ማለትም ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ መነካካት ነው። ይህን አካሄድ አልደግፈውም፤ በሞተሩ ከሚሳበበው ጥፋት ብዙው የሚገኘው በካቴናው፣ በዘይቱ ወይም በነዳጁ ነውና። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል ወጪ ከማይጠይቀውና ከውጭ ከሚታየው ይጀምራል። ካቴናው በእጅ ከመነካቱ በፊት ሞተሩ ይጥፋ፣ የካንዴላውም ክዳን ይነቀል።

መጋዙ ፍቅፋቂ ሳይሆን ዱቄት ሲያወጣ

የተሳለ ካቴና ከእንጨቱ ላይ ወፍራም ፍቅፋቂ እያነሳ ይወረውራል። ከመጋዙ ሥር የሚወጣው እንደ ዱቄት ከደቀቀ፣ ሠራተኛውም በክንዱ መጫን ከጀመረ፣ ካቴናው ደንዟል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ አቅም ያነሰው ይመስላል፤ ችግሩ ግን ጥርሱ ላይ ነው። ምክንያቱ አንድም ተራ ድካም ነው፣ አንድም ካቴናው መሬት ነክቶ ነው፤ የመንገድ ዳር ዛፍ ቅርፊት የያዘው አቧራም ጥርስ ይበላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በግቢና በአጥር ዛፎች ውስጥ የተቀበረው ብረት ነው፤ ከዓመታት በፊት የተመታ የልብስ ማስጫ ሚስማር ወይም የአጥር ሽቦ በቅርፊት ተሸፍኖ ከውጭ አይታይም። ሆኖም ምልክት አለው፤ እንደ ባህር ዛፍ ባለ ታኒን በበዛበት እንጨት ውስጥ ብረት ሲቆይ ዙሪያውን ወደ ጥቁር ሰማያዊ ያጠቁረዋል። በአዲሱ ቁራጭ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ጥቁር ጭረት ከታየ እዚያው ቆሞ የመቁረጫውን ቦታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማራቅ ከአንድ ካቴና ዋጋ ያድናል።

መፍትሄው በክብ ሞረድ መሳል ነው። የሞረዱ ውፍረት በካቴናው ዓይነት፣ ማለትም በኢንች በሚለካው የማያያዣዎቹ ርቀት (ፒች) ይወሰናል፤ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ለሆነው መደበኛ ካቴና እንደ አምራቹ 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ለ0.325 ኢንች 4.8፣ በትንንሽ መጋዞች ላይ ለሚገኘው ጥርሱ አጠር ያለ ሦስት ስምንተኛ ካቴና ደግሞ 4.0 ሚሊ ሜትር ነው። ሞረዱ ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል፣ ሲመለስ ይነሳል እንጂ አይጎተትም፤ ከውፍረቱም አንድ አምስተኛው ያህል ከጥርሱ አናት በላይ ይታያል። የብዙ ካቴናዎች የመሳያ ማዕዘን 30 ዲግሪ ሲሆን ለየት ያለ ከሆነ ከካቴናው ጋር የመጣው ወረቀት ይገልጸዋል። ጥርሱ ተስሎም እንጨቱን የማይነክስ ከሆነ ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ጉብታ መመልከት ያሻል። ይህች ጉብታ ጥርሱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ የምትወስን ሲሆን በብዙ ካቴናዎች ላይ ከጥርሱ አናት 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለባት፤ ጥርሱ እየተሳለ ሲያጥር እሷም በጠፍጣፋ ሞረድ ትወርዳለች። «በደንብ እንዲበላ» ብሎ ከልክ በላይ ማውረድ ግን መጋዙን አስፈንጣሪ ያደርገዋል፣ ዛፍ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ አደጋ የለም።

ቁርጡ ወደ አንድ ጎን ሲያጣምም

ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው አንዱን ወገን ጥርስ በብርታት፣ ሌላውን በድካም ይስላል፤ ከጥቂት ስሎሽ በኋላ የአንዱ ጎን ጥርሶች ያጥራሉ፣ መጋዙም ረጅም ጥርስ ወዳለበት ጎን ይጎተታል። መጀመሪያ በጣም አጭሩን ጥርስ ፈልጎ ሌሎቹን ሁሉ በእሱ ልክ ማሳጠር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ቁጥር ያለው ግፊት መስጠት ልማድ ይሁን። ጥርሶቹ እኩል ሆነውም ካጣመመ ጥፋቱ ያለው ካቴናው በሚዞርበት ረጅም ብረት፣ ማለትም በባሩ ላይ ነው። የባሩ ሁለት ከንፈሮች እኩል ካልሆኑ ወይም በመካከላቸው ያለው ቦይ ከሰፋ ካቴናው ይጋደማል። ካቴናው በተሳለ ቁጥር ባሩን ገልብጦ መግጠምና ቦዩን በቀጭን ብረት መጥረግ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ባሩ ሲሞቅና ሲጨስ

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የካቴናው ዘይት አለመድረሱ ነው። ይህን ለማወቅ ሞተሩን አስነስቶ የባሩን ጫፍ ከንጹሕ ካርቶን በላይ ጥቂት ከፍ አድርጎ መያዝና ጋዝ መስጠት ነው፤ ዘይት የሚደርሰው ከሆነ ካርቶኑ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ይረጫል። ምንም ካልተረጨ ባሩ ይነቀልና ከሞተሩ በኩል ያለው የዘይት መውጫ፣ እንዲሁም በባሩ ሥር ያለው ትንሽ ቀዳዳ ይጸዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዘይት የተቦካ የእንጨት ዱቄት ነው። ሌላው መለኪያ የነዳጅና የዘይት ታንከሮች ናቸው፤ ነዳጁ አልቆ ዘይቱ እንዳለ ከተቀመጠ መስመሩ ተዘግቷል።

በዚህ ቦታ ላይ ስለተቃጠለ ዘይት ማንሳት ግድ ነው። ከጋራዥ በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ የሚገኘው የመኪና አሮጌ ዘይት ለካቴና ሲውል ይታያል። በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የዘይት ፓምፑን ይበላል፤ ከዚህም በላይ ካቴናው የሚረጨው ዘይት የሚያርፈው በሠራተኛው እጅ፣ ልብስና ፊት ላይ ነው፣ ያገለገለ የሞተር ዘይት ደግሞ ለካንሰር የሚያጋልጡ ነገሮችን ይይዛል። የካቴና ዘይት ከጠፋ አዲስ የሞተር ዘይት መጠቀም ይሻላል፤ ቶሎ ይንጠባጠባል እንጂ ማሽኑንም ሰውየውንም እንደዚያኛው አይጎዳም።

ዘይቱ እየደረሰ ባሩ ከሞቀ የካቴናውን ውጥረት ማየት ነው። ልኩ የሚባለው ካቴናው የባሩን የታችኛውን ጠርዝ እየነካ በእጅ ሲሳብ በቀላሉ የሚዞር ሲሆን ነው። በሥራ ላይ ሞቆ የላላን ካቴና አጥብቆ ማሳደር ስህተት ነው፤ ሲበርድ ስለሚኮማተር የሞተሩን ዘንግና ኩሽኔታውን ይጎትታል። ካቴናውን የሚያዞረው ፒኞን ላይ ከ0.5 ሚሊ ሜትር በላይ የጠለቀ ጭረት ካለም ይቀየር፤ ባረጀ ፒኞን ላይ የተገጠመ አዲስ ካቴና ቶሎ ያረጃል።

ሞተሩ ሲጨስ፣ ሲታፈንና አቅም ሲያጣ

ካቴናው ስለት፣ ባሩ ዘይት እንዳላቸው ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ሞተሩ መሄድ ይቻላል። እዚህ ላይ ለአገራችን ደጋ የተለየ ነገር አለ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባህር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ይበልጣል፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባህር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ነዳጁን እንደቀድሞው እየለቀቀ አየሩ ግን ያንሰዋል፤ በዚህ የተነሳ ሞተሩ ይጨሳል፣ ጋዝ ሲሰጠው ይታፈናል፣ ካንዴላውም ጠቁሮና ረጥቦ ይወጣል። በአጭሩ ቤንዚን በዝቶበታል።

የተዘጋ የአየር ፊልትሮም ይህንኑ ምልክት ስለሚያሳይ መጀመሪያ እሱ ይጽዳ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ የእሳት ብልጭታ የሚያስቀር ወንፊት ካለም ጥላሸት ደፍኖት እንደሆነ ይታይ። ሁለቱ ንጹሕ ከሆኑ የካርቡራተሩ ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላሉ፤ ኤል የሚል ፊደል ያለበት ለዝቅተኛ ዙር፣ ኤች የሚለው ለከፍተኛ ዙር ነው። ኤች የተባለውን ዙር መቁጠሪያ መሣሪያ ባለው ሜካኒክ ማስደረግ ይመረጣል፤ በጆሮ ብቻ ሲሠራ ነዳጁን ከልክ በላይ የመቀነስ አደጋ አለ። እንጦጦ ላይ በሚገባ የተስተካከለ መጋዝ ለሥራ ወደ አዳማ ወይም ወደ አዋሽ ሲወርድ ዳግም ካልተስተካከለ አየር በዝቶ ነዳጅና ከነዳጁ ጋር የሚገባው ዘይት ያንሰዋል፤ ፒስተኑም ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል። ይህ ብልሽት በአንድ ቀን ሊመጣ ይችላል፣ ጥገናውም ከማሽኑ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ካርቡራተራቸውን በራሳቸው የሚያስተካክሉ አዳዲስ መጋዞች ከዚህ ጣጣ ነጻ ናቸው።

ሞተሩ ከመጀመሪያው ቤንዚን ጠጥቶ አልነሳ ካለ ማነቂያው (ለማስነሳት አየሩን የሚዘጋው) ይከፈት፣ ማብሪያው ይጥፋ፣ ካንዴላው ወጥቶ ይድረቅ፤ ከዚያም የማስነሻ ገመዱን ደጋግሞ በመሳብ የተጠራቀመውን ቤንዚን ማስወጣት ነው። በአንጻሩ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው የሚጠፋ ሞተር ነዳጅ አጥሮታል። የታንከሩ ክዳን ላላ ሲል ነፍስ ከዘራ የአየር ማስገቢያው ተደፍኗል፤ ለውጥ ከሌለ በታንከሩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ፊልትሮ ይቀየራል።

ስለ ነዳጁ ነገሩ አጭር ነው። አምራቹ 50 ለ1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ይገባል፤ በግምት መጨመር ወይም ለዚህ የመኪና ሞተር ዘይት መጠቀም አይገባም። ከመቅዳት በፊት ጀሪካኑ ይነቅነቅ፣ ከወር በላይ የቆየ ቅልቅልም አይቀዳ።

ጋዝ ሳይሰጥ ካቴናው ሲዞር

ይህ ችግር የታየበት መጋዝ ወደ ዛፍ አይወጣም። ዝቅተኛው ዙር ከፍ ብሎ ከሆነ በብሎኑ ይቀነሳል፤ ቀንሶም ካልቆመ የፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ለካቴናው የሚያስተላልፈው ክፍል) ሞላ ላልቷል ወይም ተሰብሯል፣ መቀየር አለበት። የካቴናው ፍሬንም በየማለዳው ይፈተሽ፦ መጋዙ መሬት ላይ በጽኑ ተይዞ፣ ካቴናው እየዞረ፣ የፊት መከላከያው በግራ አንጓ ሲገፋ ካቴናው ወዲያው መቆም አለበት። እየተንሸራተተ የሚቆም ከሆነ ፍሬኑ ሳይጠገን ሥራ አይጀመርም፤ የባሩ ጫፍ የላይኛው ሩብ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ሠራተኛው የሚፈነጥረው ዓይን ተገልጦ እስኪከደን ነው።

የሠራተኛው ጣት ሲደነዝዝ

ከሥራ በኋላ ጣት የሚነዝር ወይም በብርድ የሚነጣ ከሆነ ማሽኑ ከልክ በላይ ይንቀጠቀጣል። የደነዘዘ ካቴናና በእጀታው ሥር ያሉ ያረጁ ጎማዎች ወይም ሞላዎች ዋና ምክንያቶች ናቸው፤ ጎማዎቹን መቀየር ብዙ ወጪ የለውም። የቡድኑ ኃላፊ ማሽኑን በአንድ ሰው ላይ ከመተው ይልቅ ቆራጩንና ገመድ ያዡን ማፈራረቅ አለበት። የነጣ ጣት ችላ ሲባል ጉዳቱ ዘላቂ ይሆናል።

መጋዙ ለሳምንታት የማይነካ ከሆነ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ የነዳጅ ታንከሩን ባዶ ማድረግ፣ ሞተሩን አስነስቶ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ድረስ ማሠራት፣ ካቴናውን አላልቶ ዘይት መቀባትና እርጥበት ከሌለበት ቦታ ማስቀመጥ ነው።