ነጥቦቹ ሲረጉ ኢቨንት ካሜራው ዝም ያለበት ችግርና መፍትሔው

በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ በሠራሁት የአዳፕቲቭ ኦፕቲክስ (አየር ያዛባውን ብርሃን ቅርጹን በሚቀያይር መስታወት የማረም ዘዴ) ሙከራ፣ ብርሃኑን በጥቃቅን ሌንሶች ወደ ብዙ ነጥቦች ከፍሎ ከነጥቦቹ መንቀሳቀስ መዛባቱን ከሚለካው የሻክ-ሃርትማን መለኪያ ሌንሶች ኋላ በተለመደው ካሜራ ፈንታ ኢቨንት ካሜራ አስቀመጥሁ። ይህ ካሜራ ሙሉ ምስል አያነሳም፤ እያንዳንዱ ፒክስል የደረሰው ብርሃን ሲለወጥ ብቻ፣ ጊዜውን በማይክሮሰከንድ መዝግቦ ምልክት ይልካል።

አየሩን እንዲያናውጥ በሌዘሩ መንገድ ሥር ሻማ ሳበራ ነጥቦቹ እየተንቀጠቀጡ ልኬቱ ያለ እንከን ሠራ። ችግሩ የመጣው ቅርጹን የሚቀያይረው መስታወት ማረም ሲጀምር ነው፦ እርማቱ በተሳካ ቁጥር ነጥቦቹ ይረጋሉ፣ ሲረጉም ካሜራው ዝም ይላል፤ የሚቀረው ኖይዝ (ከብርሃኑ ለውጥ ያልመጣ የዘፈቀደ ምልክት) ብቻ ስለሆነ ፕሮግራሙ የነጥቦቹን ማዕከል ከዚያው እያሰላ የተስተካከለውን መስታወት መልሶ ያበላሸው ነበር።

መጀመሪያ ፒክስሎቹ በትንሽ ለውጥም ምልክት እንዲሰጡ አደረግሁ፤ ትርፉ ግን የኖይዝ መብዛት ሆነ፤ በዚያ ላይ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበው የጣሪያ መብራት በየፒክስሉ ይታይ ጀመር። መብራቱን ከሁሉ በፊት ማጥፋት ነበረብኝ።

የሠራልኝ መፍትሔ ሌዘሩን በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ማብራትና ማጥፋት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ያልተንቀሳቀሰ ነጥብም በየብልጭታው ይመዘገባል። ብርሃን ሲጨምርና ሲቀንስ የሚላኩት ምልክቶች መዘግየታቸው እኩል ስላልሆነ፣ ማዕከሉን ያሰላሁት ከጭማሪው ምልክቶች ብቻ፣ ከእነዚህም ብልጭታው በጀመረ በ200 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ከደረሱት ነው።

ኮከብን ማብራትና ማጥፋት ስለማይቻል፣ በቴሌስኮፕ ላይ የሚሠራ ሰው ወደ መለኪያው ብቻ የሚሄደውን ብርሃን በትንሽ መስታወት በታወቀ ፍጥነት ቢያወዛውዘው ይሻላል።