የቤታ ሴል ምስል ስታነሱ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ቤታ ሴል ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠራው ሴል ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ የሚያበራ ሴል ማየት ደስ ይላል፤ በተለይ ለጀማሪ። ችግሩ የሚመጣው «አበራ» ማለት «ኢንሱሊን ሠራ» ማለት ሲመስለን ነው።

በጣም የሚያናድደኝን ላስቀድም። ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ከሚችል ሴል) ቤታ ሴል ለማሳደግ የሚሞክሩ ተማሪዎች ሴሎቹን በኢንሱሊን አንቲቦዲ፣ ማለትም ኢንሱሊን ላይ ተጣብቆ እንዲያበራ በሚያደርግ ፕሮቲን፣ ይቀባሉ። ሴሎቹ ያበራሉ። ከዚያ ደስታ ነው፣ ስላይድ ማዘጋጀት ነው። ቆይ እስቲ! መጀመሪያ ሴሎቹ ያደጉበት ፈሳሽ ውስጥ ምን እንዳለ አንብቡ። ቢ-27 የሚባለው የማሳደጊያ ተጨማሪ ኢንሱሊን አለበት፤ አይቲኤስ የሚባለው ተጨማሪም ኢንሱሊን አለበት። ሴል ደግሞ ያንን ኢንሱሊን ከውጭ ይስበዋል። አንቲቦዲው ሴሉ የሠራውን ከውጭ ከሳበው አይለይም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2003 ሳይንስ መጽሔት ላይ በግልጽ ወጥቷል፤ ዛሬም ግን ይደገማል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ሲ-ፔፕታይድን ቀቡ። ቤታ ሴል መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮኢንሱሊን ነው። እሱ ሲቆረጥ ኢንሱሊንና ሲ-ፔፕታይድ እኩል ይወጣሉ። ማሳደጊያው ውስጥ የተጨመረው ኢንሱሊን ግን ሲ-ፔፕታይድ የለውም። ይህን ሳያዩ «ቤታ ሴል አገኘን» ማለት ዓይነት አንድ ስኳር ያለበትን ሰው በባዶ ተስፋ ማስጠበቅ ነው።

ያልተቀባ ናሙና ሁልጊዜ ጎን ለጎን እዩ። የአዋቂ ሰው ቤታ ሴል ውስጥ ሊፖፈሲን የሚባል ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ቅሪት ይጠራቀማል፤ እሱ ያለ ምንም ቀለም፣ በአረንጓዴውም በቀዩም በኩል ያበራል።

ቤታ ሴል ለግሉኮስ መልስ ሲሰጥ ውስጡ ያለው ካልሲየም ከፍ ይላል፤ በሕይወት ያለ ሴል ላይ ይህን ካልሲየም በሚያበራ ቀለም የምትለኩ ደግሞ ሙቀቱን አትርሱ። አንድ ተማሪ ደሴቶቹን፣ ማለትም ቤታ ሴሎች የሚገኙባቸውን የቆሽት የሴል ስብስቦች፣ «ሞተዋል» ብሎ ሊጥላቸው ሲል ደረስኩ። ሳህኑ የተቀመጠበትን ብረት ስነካው ቀዝቃዛ ነው፤ ማሞቂያው አልበራም። 37 ዲግሪ አድርሰን ግሉኮሱን ከ3 ወደ 11 ሚሊሞላር ስናሳድግ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ካልሲየሙ ከፍ አለ። ምስኪኖቹ ሴሎች ምንም አልሆኑም ነበር። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ እንዳይገጥማችሁ ሙከራውን 30 ሚሊሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ጨምራችሁ ጨርሱ። ለግሉኮስ ዝም ያለ ሴል ለፖታሲየም ከመለሰ፣ ሴሉም ቀለሙም ደህና ናቸው፤ ችግሩን ግሉኮስ የሚቃጠልበት መንገድ ላይ ፈልጉ። ለሁለቱም ዝም ካለ ሴሉ ሞቷል ወይም ቀለሙ አልገባም።

የአይጥን ደሴት እንደ ሰው አትቁጠሩት። በአይጥ ቤታ ሴሎቹ መሃል ናቸው፣ የደም ስኳር ከፍ የሚያደርግ ሆርሞን የሚሠሩት አልፋ ሴሎች ዳር ዳሩን ይከባሉ። በሰው ግን ተደባልቀው ነው የሚገኙት። እንደ ፍሉኦ-4 ያሉ ካልሲየም የሚያሳዩ ቀለሞች ደግሞ ሙሉ ደሴት ላይ ሲጨመሩ በደንብ የሚገቡት ዳር ያሉት ሴሎች ውስጥ ነው። ስለዚህ የአይጥ ቤታ ሴል ለካሁ ያለ ሰው አልፋ ሴል ለክቶ ሊሆን ይችላል። አድሬናሊን ጨምሩና እዩ፤ ካልሲየሙ ከፍ ካለ አልፋ ነው።

የካሜራውን ልክ ያለፈ፣ ነጭ ብቻ የሆነ ምስል አይለካም፤ ጣሉት።

ብርሃኑንም ቀንሱ። ጠንካራ ብርሃን ሴሉን ይጎዳል፣ የተጎዳ ሴል ካልሲየሙ ይጨምራል፣ እናንተም «መልስ ሰጠ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ግሉኮስ ሳትቀይሩ አንድ ደሴት በሙከራው ብርሃን ብቻ እስከ መጨረሻው ቅረጹ። የካልሲየሙ መስመር ከፍ እያለ ከሄደ ብርሃኑ በዝቷል።