አውቶቡስ ያመለጣችሁ ቀን

ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ናት፣ ከስቶክሆልም። ታለቅሳለች። ደንግጬ «ምን ሆንሽ?» ስላት «አውቶቡስ አመለጠኝ» አለችኝ። አልሳቅሁባትም። እኔም እዚያው ከተማ 6 ዓመት ኖሬ ነው ባሕር ዳር የተመለስኩት፣ አውቶቡሱን አውቀዋለሁ። እየሮጥሽ እንደሆነ እያየ በሩን ይዘጋል። በረዶው ጫማሽ ውስጥ ገብቷል፣ የምትቆጪው ሰው የለም። እዚህ ባጃጅ ቢያልፍሽ «አንተ፣ አታይም እንዴ!» ብለሽ ትጮሂና ይወጣልሻል። እዚያ ማን ላይ ይጮኻል?

ለሷ ያልኳትን በሰው አገር ላላችሁ ለእናንተም ልበላችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ያስለቀሳችሁ አውቶቡሱ አይደለም። ከሱ በፊት ግማሹ ያልገባችሁ ደብዳቤ ነበር፣ ከደብዳቤው በፊት ስማችሁን ሦስቴ ያስደገመቻችሁ ሴትዮ፣ ከሷ በፊት ደግሞ ሰላም ብላችሁት ዝም ብሎ ያለፈ ሰው። እዚህ ሐይቁ ዳር ታንኳ ያላቸው ሰዎች ከውሃ ሲመለሱ ታንኳቸውን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣላ! ካልደረቀ በየቀኑ እየከበደ ነው የሚሄደው። እኛም እንደዚያው ነን። እኔ ማድረቂያዬ አንዲት ጓደኛዬ ነበረች። ተስማምተን ነበር፦ ማታ ቤት ስንገባ፣ ካፖርታችንን እንኳ ሳናወልቅ፣ የቀኑን ብስጭት በድምፅ መልእክት እንላላካለን፤ መልሱ «ወይ ጉድ!» ብቻ ነው። ምክር ክልክል ነው። ሞክሩት፣ በአማርኛ ስታወሩት ነገሩ ራሱ ያሳቅቃችሁ የነበረው ያስቃችኋል።

ደብዳቤ ካነሳሁ አይቀር፦ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ፖስታ ዓርብ ማታ አትክፈቱ። ሰኞ ድረስ የምትጠይቁት ሰው የለም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስትብከነከኑ ትከርማላችሁ።

ብርሃኑን አትናቁት። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን ለምዷል። ስቶክሆልም በዲሴምበር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ትወጣና ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በጨለማ ሥራ ገብታችሁ በጨለማ ትወጣላችሁ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሰው ዓይን አድርጎኝ ነው ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ስለዚህ የምሳ እረፍታችሁን ቁጭ ብላችሁ ስልክ አትነካኩ፣ ተጀቡናችሁ ውጡ፣ ደመና ቢሆንም። ቫይታሚን ዲም አስመርምሩ። ቆዳችን ጠቆር ስለሚል ቫይታሚኑን ለመሥራት ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፣ በክረምታቸው ደግሞ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ብትኖርም ለዚህ አትበቃም።

ገንዘብ። በወር የምትልኩትን መጠን ወስኑና ለአንድ ሰው ብቻ ንገሩ፤ ለወንድም፣ ለእህት፣ ማንም ይሁን። ሌላው ሲጠይቃችሁ «እሱን አናግሩት» በሉ። ለሳምንት ትታማላችሁ፣ ከዚያ ይለመዳል።

በዓል ደግሞ ሳይደርስ ፈቃድ ጠይቁ። የሚገርማችሁ፣ ስዊድን ጃንዋሪ 6 በዓል ነው፣ ሥራ ዝግ። የእኛ ገና የሚውለው በማግስቱ 7 ነው፣ ሥራ ክፍት! በገና ቀን ዕቃ እያጠቡ «እንኳን አደረሰሽ» የሚል መልእክት ማንበብ የሚያመጣውን ሆደ ባሻነት ያየ ያውቀዋል። ኖቬምበር ላይ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ነገሩ ብስጭት ከሆነ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሆዳችሁ ከባባ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ፣ ያ ድብርት የሚባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስዊድን ያላችሁ 1177 ብትደውሉ የት መሄድ እንዳለባችሁ ይነግሯችኋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ 112 ነው፣ አሁኑኑ። ፀበል ነው የሚያድነኝ ለምትሉ፣ እኔም ፀበል እወዳለሁ፣ ሐኪም ጋ መሄድ ግን ከፀበል አያጣላም።

የመጨረሻው ስልክ ነው። በብርዱ ወራት ስዊድን ከእኛ 2 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ እኔ ከሥራ ወጥቼ፣ በልቼ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ስደውል እናቴ ጋ 4 ሰዓት ሆኖ በእንቅልፍ ልቧ ነበር የምታነሳው። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» አለቀ። 4 ዓመት እንደዚህ ተዋሸን፤ እሷም ጉልበቷን እያመማት ደብቃኛለች። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መደወል ጀመርኩና፣ አንድ ቀን የሚወራ ሲጠፋ፣ የላከችልኝን የዘጌ ቡና ቆልቼ ዕጣን ሳጨስ የጭስ ደወሉ ሕንጻውን እንዳናወጠውና ጎረቤቴ ሽማግሌው በነጠላ ጫማ ሮጦ እንደመጣ፣ እኔም በኀፍረት በሩን ዘግቼ እንዳለቀስኩ ነገርኳት። ሳቋ ሲያልቅ ዝም አለች።

«ታዲያ ቡናውን አላጠጣሽውም?»

በማግስቱ መስኮቱን ከፍቼ ቡና አፈላሁና በሩን አንኳኳሁ። አቦልና ቶናውን ጠጣ። በረካውን እንቅልፍ ይነሳኛል ብሎ እምቢ አለ።