ተንከባላዩ ከስሌቱ ሲዘገይ፦ ችግሩና መፍትሄው

ሁለት ሜትር ጣውላ፣ አንዱን ጫፍ 20 ሳንቲሜትር ከፍ የሚያደርግ ብሎኬት፣ ብይና የስልክ ሰዓት። ብዩን በጣውላው ላይ ቁልቁል አንከባሎ ታች ሲደርስ ያለውን ፍጥነት ከቀመሩ ጋር ለማነጻጸር፣ ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። ውጤቱ ከቀመሩ አልገጥም ሲል ግን ተማሪው ሁሉ ወዲያው ሰበቃን ይከሳል። በእኔ አስተያየት ሰበቃ መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

ችግር፦ የተለካው ፍጥነት የተሰላውን ግማሽ እንኳ አይሞላም።
2 ሜትሩን ለሰዓቱ ስታካፍሉ የምታገኙት አማካዩን ነው። ከቆመበት ተነስቶ እኩል እየፈጠነ የሚወርድ ነገር ታች ሲደርስ የአማካዩን እጥፍ ይሮጣል። በ2 አባዙና እለፉ።

ችግር፦ በ2 ተባዝቶም ብዩ አሁንም ቀርፋፋ ነው።
ፖቴንሻል ኢነርጂው በሙሉ ወደ ፊት መሄጃ ሆኗል ብላችሁ ካሰላችሁ በሰከንድ 1.98 ሜትር ይወጣል። ብዩ ግን እየተሽከረከረ ነው የሚወርደው፤ ሽክርክሪቱም የራሱን ካይኔቲክ ኢነርጂ ይወስዳል። ድርሻው ለድፍን ኳስ 2/7፣ ለድፍን ሲሊንደር 1/3፣ ለቀለበት ግማሽ ነው። ስለዚህ የስበት ፍጥንጥነትን (ደብረ ብርሃን ላይ 9.77 ገደማ) በከፍታውና በ2 አባዙ፣ ለ1.4 አካፍሉ (ለሲሊንደር 1.5፣ ለቀለበት 2)፣ ከዚያ ካሬ ሥሩን ውሰዱ። ብዩ 1.67፣ ሲሊንደሩ 1.61፣ ቀለበቱ 1.40 ይሆናሉ። ክብደትና ስፋት ከቀመሩ ውስጥ ስለሚጣፉ ትልቁና ትንሹ ብይ እኩል ይደርሳሉ።

ሰበቃስ? ሳይንሸራተት በሚንከባለል ነገር ላይ ጣውላውን የሚነካው ነጥብ ለዚያች ቅጽበት ቆሟል፤ ስለዚህ ሰበቃው ኢነርጂ አያጠፋም። ሥራው ኳሱን ማዞር ብቻ ነው።

«ከፍታው ነው» የሚልም አይጠፋም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች የስበት ፍጥንጥነቱ በእርግጥ ወደ 9.77 ይወርዳል። ግን ይህ ከ9.8 ጋር ሲነጻጸር ፍጥነቱን በመቶ 0.2 እንኳ አይቀንሰውም። ጣርማበርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ላይ ብትደግሙትም በስልክ ሰዓት ልዩነቱን አታዩትም።

ችግር፦ ብዩ 1.67ም አልደረሰ፤ 1.47 አካባቢ ላይ ቆመ።
ብዩ ከጣውላው እየወጣ ሲያስቸግር አንጎላሬ ላይ አስቀምጣችሁ ይሆናል። ይህንን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። በ90 ዲግሪ በታጠፈ ብረት ውስጥ ብዩ የሚደገፈው በሆዱ ሳይሆን በሁለት ጎኖቹ ነው፤ የሚንከባለልበት ራዲየስ ያጥርና ለተመሳሳይ መንገድ የበለጠ መዞር ይኖርበታል። ለዚያው የመውረድ ፍጥነት የሽክርክሪቱ ኢነርጂ እጥፍ ይሆናል። ማካፈያውን ከ1.4 ወደ 1.8 ቀይሩት፣ ወይም ወደ ጣውላው ተመልሳችሁ ግራና ቀኙን በቀጭን እንጨት ከልሉት።

ችግር፦ ውሃ የሞላው ሃይላንድ ከብዩ ቀደመ።
ስሌታችሁ ልክ ነው፤ ያሳሳታችሁ ውሃውን እንደ ድፍን ሲሊንደር መቁጠራችሁ ነው። ጥቂት የሻይ ቅጠል ጨምራችሁ አንከባሉት። ፕላስቲኩ ሲዞር መሐል ላይ ያለው ቅጠል አብሮ አይዞርም ማለት ይቻላል። ውሃው ይወርዳል እንጂ አይሽከረከርም፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ወደ 1.98 ይጠጋል። ያንኑ ሃይላንድ ትንሽ አጉድላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩትና ድገሙት። ክብደቱ ሳይለወጥ ይዘገያል፤ በረዶው ከፕላስቲኩ ጋር ይዞራላ። አሸዋ ከሆነ ግጥም አድርጋችሁ ሙሉት። በግማሽ የተሞላ አሸዋ እየተናደ ኢነርጂውን ወደ ሙቀት ስለሚቀይረው፣ ሃይላንዱ ጭራሽ አልነሳም ሊል ይችላል።

ችግር፦ ጣውላው ቀጥ እያለ ሲሄድ ቀመሩ ፈረሰ።
አሁን ሰበቃን መክሰስ ይቻላል። ቁልቁለቱ ከበዛ ነገሩ ይንሸራተታል፣ ኢነርጂውም በሙቀት ይባክናል። የሰበቃው መጠን (ኮፊሸንቱ) 0.3 ቢሆን ድፍን ሲሊንደር እስከ 42 ዲግሪ ይችላል፤ ቀለበት ግን 31 አካባቢ ላይ ይለቃል። ለማረጋገጥ ጎኑ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምራችሁ በስልክ ቅረጹት። መስመሩ አንድ ዙር ሲጨርስ ነገሩ ከዙሪያው ርዝመት በላይ ከተጓዘ እየተንሸራተተ ነው፤ ጣውላውን ዝቅ አድርጉት።