ሽቦው ነው ዱባው?

ደብረ ማርቆስ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ተክሉ በውስጡ የሚልከውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ልለካ የዱባ ሐረግ ላይ ሽቦ ሰክቼ ቁጭ ብያለሁ። ጎረቤታችን በአጥሩ አሻግረው አዩኝና «ልጄ፣ ዱባው ታሞ ነው ግሉኮስ የሰካህበት?» አሉኝ።

ዕቃዬ ብዙ አይደለም። ኤዲ 620 የሚባል አምፕሊፋየር (ደካማ ምልክት የሚያጎላ)፣ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ምልክቱን አንብቦ ወደ ኮምፒውተር የሚልክ አርዱይኖ የሚባል ትንሽ ሰሌዳና ላፕቶፕ። ያስቸገሩኝን ነገሮች ልንገራችሁ።

ላፕቶፑ ላይ ምልክቱን የሚያሳየው መስመር ጣሪያ ነክቶ እዚያው ይቀራል። አንዱን ሽቦ መዳብ፣ ሌላውን ሚስማር አድርጋችሁ ከሆነ ተክሉ ውስጥ ባትሪ ሠርታችኋል፤ ሎሚ ላይ እንደሚሠራው ማለት ነው። ይሄ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ይሰጣል። የተክሉ ምልክት ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት አሥር ሚሊቮልት አያልፍም። ያንን 100 እጥፍ ስታጎሉት አምፕሊፋየሩ ይሞላል። መፍትሄው ሁለቱንም አንድ ዓይነት ማድረግ፣ ማጉላቱንም ወደ 10 እጥፍ ማውረድ ነው። ምርጡ የብር ሽቦ ነው፤ በረኪና ውስጥ እስኪጠቁር ይዘፈዘፍ። አንጥረኛ ጋ ስትሄዱ ንጹሑን ጠይቁ። የአያታችሁን ማርትሬዛ ግን አትንኩ፤ ብሩ 83 ከመቶ ገደማ ነው፣ ቀሪው መዳብ። ጠቡም አይቀርላችሁም።

መስመሩ ወፍራም ሆኖ ይርገበገባል። በዚህ ችግር አንድ ሳምንት ሙሉ ተሰቃይቻለሁ። አምፕሊፋየሩን ቀየርኩ፣ ሽቦ ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች! አንድ ማታ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፣ መስመሩ ግን በአንዴ ቀጥ አለ። ለካ የቤቱ መብራት ነው! የእኛ ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ ሽቦዎቼ ደግሞ እንደ አንቴና ይቀበሉታል። ቻርጀሩን ንቀሉ። ሽቦዎቹን አሳጥሩና አንድ ላይ ግመዷቸው። አምፕሊፋየሩን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አስገቡና ቆርቆሮውን ከሁለቱ ባትሪዎች መገናኛ ጋር አያይዙት። የቀረውን በፕሮግራም፦ የ100 ሚሊሰከንድ ንባቦችን አማካይ ውሰዱ። አምስት ሙሉ ዙር ስለሚሆን እርስ በርሱ ይጣፋል። የተክል ምልክት ዝግተኛ ስለሆነ ምንም አይጎዳም።

ቀስ እያለ ይወርዳል። በሽቦውና በግንዱ መካከል ያለው እርጥብ ጥጥ ደርቋል። ጨው ውሃ ጠብ አድርጉበት። ሽቦውን ወግታችሁ ከሆነም ቁስሉ እስኪረጋጋ አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቁ።

ምንም የለም። ሳይነኩት ምን ይበላችሁ? ግንዱ ላይ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ አፍስሱ። ቲማቲም ከሆነ የአንድ ቅጠል ጫፍ በክብሪት ለብለብ አድርጉና ጠብቁ። ምልክቱ ግንዱ ላይ እስኪደርስ ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል።

በጣም ያምራል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ሽቦዎቹን ነቅላችሁ በጨው ውሃ የረጠበ ጨርቅ ላይ አድርጉ። ጨርቁም «ከተናገረ» ዱባውን ተዉት። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ካየኋቸው ሞገዶች አብዛኞቹን ጨርቁም ደግሞልኛል። አንደኛው የሚመጣው ፕላስቲክ ወንበሬ ላይ ስንቀሳቀስ ነበር።