ባጊው ለምን ይፈላል? የመሐል ሞተር ባጊ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በትንሽ ገንዘብ ቀላል ባጊ (አሸዋና አስቸጋሪ መሬት ላይ የሚነዳ፣ ከቱቦ ብረት የተሠራ ክፍት መኪና) ለመሥራት አብዛኛው ሰው የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው። የተገጨች፣ በፊት ጎማዋ የምትነዳ ትንሽ መኪና ይገዛል። ሞተሯን፣ ካምቢዮዋንና የፊት እግሮቿን (ጎማውን የሚይዙትን ክፍሎች) ሳይነጣጥል ያወጣል። ከዚያ ከቱቦ ብረት በበየደው ሻንሲ ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ያስቀምጠዋል። ሞተሩ ሳይዞር እንዳለ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ከኋላ ጎማዎች መስመር ፊት ይውላል። መሐል ሞተር ማለት ይኸው ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም የምሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጣጣው መኪናዋ ላይ ተጠጋግተው የነበሩት ነገሮች መራራቃቸው ነው። ራዲያተሩ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ባትሪውም፣ የማርሽ ዘንጉም እንደዚያው። ከታች ያሉት ችግሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ ይመጣሉ። ዘይት፣ ፊውዝና ባትሪ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ይሞቃል፣ ውሃ ይተፋል

እኔ ጋ ተጎትቶ የሚመጣ ባጊ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዚህ ነው። ባለቤቱም ሁሌ የሚለው አንድ ነው፦ «ቴርሞስታቱን ቀይሬዋለሁ፣ የውሃ ፓምፑም አዲስ ነው።» ዕቃው ላይ ምንም ችግር የለም። ችግሩ ከፍታ ነው።

መኪናዋ ላይ ራዲያተሩ ሞተሩ አጠገብ ነበር። ባጊው ላይ አፍንጫው ጋ ሄደ። ቱቦው ከሞተሩ ወርዶ፣ በወለሉ ሄዶ፣ ፊት ላይ እንደገና ይወጣል። አየር ደግሞ ሁሌ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ቱቦው ጉብ ባለበት ቦታ ሁሉ ተቀምጦ ይቀራል። የውሃ ፓምፑ ውሃ እንጂ አየር መግፋት አይችልም። አየር ከያዘው ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

ይባስ ብሎ የውሃ መሙያው ክዳን እዚያው ራዲያተሩ ላይ ነው። ራዲያተሩ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) በታች ከሆነ፣ ክዳኑ ጋ ውሃው ሞልቶ ሲፈስ ታያላችሁ፤ ቴስታታው ግን ገና ግማሽ ነው። «ሞላሁ» ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ይፈላል።

አየር መሆኑን እንዲህ ትለያላችሁ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፉት፤ ሁለቱን ትላልቅ ቱቦዎች ራዲያተሩ ጋ በጓንት ንኩ። አንዱ እሳት ሆኖ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃ እየዞረ አይደለም። ቴርሞስታቱ (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ራሱ እንደተዘጋ ደርቆ ሊሆን ይችላል። እሱን አውጥቶ የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶ ማየት ነው፤ አብዛኛው ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ውስጥ መከፈት ይጀምራል። ከተከፈተ መልሱት። ሁለተኛ፣ የሙቀት መርፌው ወጣ ወረድ ይላል። ሦስተኛ፣ ስትሞሉ የገባውን ውሃ ለኩ። ይህን ማንም አያደርገውም፤ ከሁሉም የሚያስተማምነው ግን እሱ ነው። ውስጡ 32 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ በሜትር 0.8 ሊትር ያህል ይይዛል። ደርሶ መልሱ 4 ሜትር ከሆነ 3.2 ሊትር ማለት ነው። መኪናዋ መጀመሪያ ትይዝ በነበረው ላይ ይህን ደምሩ። የገባው ከዚያ ካነሰ፣ የጎደለው አየር ነው።

አንዱ ልጅ ቴርሞስታት ሦስት ጊዜ፣ ፓምፕ ሁለት ጊዜ ቀየረ። በመጨረሻ ቴስታታውን አውርዶ አስላጠው። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ባጊው አሁንም ይፈላ ነበር። ሄጄ ሳየው ክዳኑ ከቴስታታው በአንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሏል። ከወንበሩ ጀርባ ከፍ አድርገን አንዲት ትንሽ ታንክ ሰቀልን። በዚያው ቀን ከሰዓት አሸዋ ላይ ነዳው።

ሌላው ደግሞ «መርፌው እኮ መሐል ላይ ነበር» ብሎ በሙቀት ነክሶ መዞር ያቆመ ሞተር አመጣልኝ። አልዋሸም። የሙቀት መለኪያው ትክክል የሚያነበው ውሃ ውስጥ ሲሆን ነው። ውሃው ሸሽቶ ጫፉ አየር ላይ ሲቀር ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ሲጋልብ የነበረ ሞተር መርፌው በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ከወረደ ደስ አይበላችሁ። ያኔውኑ አጥፉት።

መፍትሔው ይኸው። ከሁሉም በላይ የምትቀመጥ፣ የግፊት ክዳን ያላት ትንሽ ታንክ አድርጉ። ከራዲያተሩ ጫፍና ከቴስታታው ከፍተኛ ቦታ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ እሷ ይምጡ፤ አየሩ በእነሱ ይወጣል። ከታንኪቱ ሥር ወፈር ያለ ቱቦ ፓምፑ ውሃ ወደሚስብበት በኩል ይውረድ። የድሮው የራዲያተር ክዳን ቦታ ግፊት በሌለው ተራ ክዳን ይደፈን። ሁለት የግፊት ክዳን ያለበት ባጊ አይቻለሁ፤ ደካማው ቀድሞ ይከፈትና ሌላው እንዳልነበረ ይሆናል። ወለሉ ላይ የሚሄደው ቱቦ መሐል ላይ ጉብ አይበል። ማለቱ የግድ ከሆነ ጉብታው ላይ የአየር ማስወጫ ብሎን ይኑረው።

ስትሞሉ ታንኪቱ ያለችበትን ጎን በጃክ አንሱ። ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ክዳኑን ሳትዘጉ አስነሱ፤ ቱቦዎቹን በእጅ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፤ አረፋው ሲወጣ ጨምሩ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ድንገት ዝቅ ይላል፤ እሱን ሙሉና ዝጉት። አጥፍታችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ጠብቁ። ከዚያ እንደገና እዩ፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል።

የሞቀ ክዳን አትክፈቱ። እናውቃለን ትሉኛላችሁ፤ እጁ የተቃጠለውም ልጅ ያውቅ ነበር። በግፊት የታፈነ ውሃ 110 ዲግሪ ሆኖም ላይፈላ ይችላል። ክዳኑ የተከፈተ ቅጽበት ግን ሁሉም በአንዴ ይፈላል፤ ፊታችሁ ላይ ማለት ነው። ቱቦው በሹፌሩ እግር አጠገብ ካለፈ በላሜራ ይሸፈን። ታንኪቱም ከእሳት መከላከያው ግድግዳ ጀርባ ትሁን፤ ባጊ ሲገለበጥ የፈላ ውሃ ሹፌሩ ላይ መውረድ የለበትም። የቤት ውሃ መስመር የፕላስቲክ ቱቦ ደግሞ ሙቀትና ግፊት አንድ ላይ ሲመጡበት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት። ቀዳዳ ይደፍናል እየተባለ የሚሸጠው ዱቄትም የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶች ከቀዳዳው ቀድሞ ይደፍናል።

በዝግታ ስትሄዱ ብቻ ከሞቀ ችግሩ ነፋስ ነው። አሸዋ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጊው ግን ይንፏቀቃል፤ የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ብቻ ነው። ራዲያተሩ ላይ ወረቀት አስጠጉ። በሚገባበት በኩል ካልተሳበ ፋኑ ተገልብጦ እየዞረ ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ተቀያይሮ የገጠመው ሰው ብዙ ነው። ቀጥሎ በፋኑና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ክፍተት በላሜራ ዙሪያውን ዝጉ። ካልተዘጋ ፋኑ የሚስበው በጎን ያለውን ቀላሉን አየር ነው። ሽቦው ወፍራም ይሁን፤ በሪሌ (በትንሽ ጅረት በሚታዘዝ ማብሪያ) ይሥራ። ፋን በዳሽቦርድ ማብሪያ ብቻ ማሠራት ማብሪያውን ማቅለጥ ነው።

ሞተሩ ሲጮኽ ብቻ ከሞቀ ወደ ፓምፑ የሚመለሰውን ቱቦ እዩ። አንድ ሰው ነዳጅ ይስጥ፣ እናንተ ቱቦው ላይ አፍጥጡ። ፓምፑ ሲስበው እንደ ተጠባ ፌስታል ይጣበቃል። ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ቱቦ ወይም ብረት ይፈታዋል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ተነስቶ በደቂቃ ውስጥ ቱቦዎቹ ከደነደኑ፣ አረፋውም ካላቆመ የቴስታታው ጋስኬት ሄዷል። ብዙውን ጊዜ ከላይ ያለውን አየር ችላ ያለ ሰው የሚደርስበት ቦታ ነው።

ራዲያተሩን የት ላድርገው ለሚለኝ፣ ገና ወረቀት ላይ ከሆናችሁ ከሞተሩ በላይ፣ ከወንበሩ ጀርባ እላችኋለሁ። አፍንጫ ላይ ንጹሕ ነፋስ አለ፤ እውነት ነው። ግን ከኋላ ሲሆን ቱቦው ያጥራል፣ ክብደቱም ይቀንሳል፤ በሹፌሩ አጠገብ የሚሄድ የፈላ ውሃም አይኖርም። ዋጋው ጥሩ ፋንና በየጊዜው አቧራውን ማጠብ ነው። ስታጥቡ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ግፊት፤ በኃይለኛ ውሃ ክንፎቹ ይተኛሉ።

ምልክት፦ ጉብታ ላይ ኋላው ይወናጨፋል

ያመጣችሁት የፊት እግር መሪ ነበረው። አሁን ኋላ ሆኗል፤ ጎማው መዞር የለበትም። አንዳንዱ የመሪውን ዘንግ ባገኘው ቱቦ ላይ በይዶ ይተወዋል። ጎማው ወደ ላይ ሲሄድ ዘንጉና የታችኛው ክንድ (ጎማውን ከታች ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው) በተለያየ ክብ ይዞራሉ፤ ጎማው በራሱ ይታጠፋል። በኋላ ጎማ መሪ እንደያዛችሁ ቁጠሩት። በፍጥነት ላይ ይገለብጣል።

ዘንጉ የታችኛውን ክንድ ያህል ይርዘም፣ ከእሱም ጋር ትይዩ ይሁን፤ የውስጥ ጫፉ ከክንዱ የውስጥ ጫፍ ጋር በአንድ መስመር ይዋል። መጀመሪያ በብሎን አስራችሁ፣ ስፕሪንጉን አውጥታችሁ ጎማውን ከታች እስከ ላይ አንሱ። አቅጣጫው ካልተለወጠ ያኔ በይዱ።

ስፕሪንጉ ወጥቶ እያለ ሴሚያክሱንም (ከካምቢዮው ወደ ጎማው ኃይል የሚወስደውን ዘንግ) እዩ። ብዙ ከፍታ ለማግኘት ሲባል ዘንጉ በጣም ያዘነብላል፤ የውስጥ መገጣጠሚያው እንደ ውጪኛው ብዙ ማጠፍ አይወድም። ኳ ኳ የሚለው እሱ ነው። ሞተሩን ዝቅ ማድረግ ወይም የእግሩን መውረጃ በገመድ መገደብ ይሻላል። መገጣጠሚያውን የሚሸፍነውን ጎማ ርካሹን አትግዙ፤ አንዴ ከተቀደደ አሸዋው ቀሪውን ይጨርሳል።

ሌሎቹ፣ ባጭሩ

ዳገት ላይ ነዳጅ ይቋረጣል፦ ነዳጁ ከመሳቢያው ሸሽቷል፤ በመሐል ትንሽ ማጠራቀሚያ ታንክ አድርጉ። ሲሞቅ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ይደክማል፦ ባትሪው ፊት፣ ሞተሩ ኋላ፣ በጎማ ማውንት (መያዣ) ላይ፤ ወፍራም የኔጋቲቭ ገመድ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ዘርጉ። ማርሹ ተገልብጧል፦ የኬብሉ መያዣ በሌላ በኩል ይዙር። አንዱ ጭስ ማውጫው እንዲመቸው ሞተሩን ከነካምቢዮው አዙሮ አስቀመጠውና አምስት የኋላ ማርሽ አንድ የፊት ማርሽ ያለው ባጊ ሠራ። ለእሱ መፍትሔ የለም፤ ማውንቱን ቆርጦ እንደገና መበየድ ነው።

ስትበይዱ የሞተሩን ኮምፒዩተርና ባትሪውን ንቀሉ። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ደግሞ ሳትፍቁ አትበይዱ፤ ጭሱ በዚያው ማታ ትኩሳት ያስይዛል።

የአየር ማጣሪያውን ሩቅና ከፍ አድርጉ፤ ከጎማው በሚረጨው አሸዋ መንገድ ላይ አይሁን። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ቱቦውን ፈትታችሁ ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ውስጥ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አዙሩ። ጨርቁ ላይ አቧራ ከታየ ክፍተቱ እስኪገኝ ሞተሩ አይነሳ።