የጦር ተሽከርካሪ ልምምድ መሬት ሲሰፋ፦ በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኤም 1 አብራምስ ታንክ አንዱ ሰንሰለት 63.5 ሴንቲሜትር ይሰፋል። የሁለቱ ድምር 1.27 ሜትር ነው። ታንኩ ሳይታጠፍ አንድ ማይል፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ 2,000 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ይረግጣል። ይህ ግማሽ ኤከር ነው። ሲታጠፍ ደግሞ ሰንሰለቱ አፈሩን ወደ ጎን ስለሚገፋው የሚጎዳው መሬት ይሰፋል። ጉዳቱም ከመርገጥ ወደ መገሽለጥ ይሸጋገራል።

ይህን ስሌት ያስቀደምነው የልምምድ መሬት ማስፋፊያ ሰነዶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ስለሆነ ነው። ምሳሌዎቻችን ከአሜሪካ ናቸው፤ እዚያ የሚዘጋጁ የግምገማ ሰነዶችና በእነሱ ላይ የተሰጡ ፍርዶች ለሕዝብ ክፍት በመሆናቸው ስህተቱን ከነውጤቱ መከታተል ይቻላል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ያህል ነው።

ኤከር ቆጥሮ ረገጣውን አለመቁጠር

በረቂቅ ሰነዶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ መከራከሪያ አለ። «መሬቱ በእጥፍ ሲሰፋ በአንድ ኤከር ላይ የሚደርሰው ጫና በግማሽ ይቀንሳል» ይላል። በወረቀት ላይ ልክ ይመስላል። ሜዳ ላይ ግን ተሽከርካሪ እንደ ዝናብ እኩል አይዘንብም። በሸለቆ አፍ፣ በወንዝ መሻገሪያ፣ በነዳጅ መሙያና በመሰባሰቢያ ቦታ ይከማቻል። ገደላማውን ግማሽ ማንም አይነዳበትም። ስለዚህ አማካዩ ዝቅ እያለ፣ ታንክ በሚመላለስባቸው ጥቂት መስመሮች ላይ መሬቱ ሊራቆት ይችላል።

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ራሱ ለዚህ ያዘጋጀው መለኪያ አለ። በአማርኛ «የጫና ማይል» ብንለው ያስኬዳል። አንድ የጫና ማይል ማለት አንድ ኤም 1 ኤ 2 ታንክ፣ በታንከኛ ሻለቃ የሜዳ ልምምድ ላይ ሆኖ፣ አንድ ማይል ሲነዳ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሌላው ተሽከርካሪ ሁሉ ከዚህ ጋር እየተነጻጸረ ይባዛል። ስሌቱ የሚነሳው ከተሽከርካሪ ብዛት፣ ከቀን ብዛትና በቀን ከሚነዳው ማይል ነው። በዚህ ላይ አምስት ማባዣዎች ይጨመራሉ፦ የተሽከርካሪው ክብደትና ዓይነት፣ የጎማው ወይም የሰንሰለቱ ስፋት፣ ከመንገድ ውጭ የሚነዳው ድርሻ፣ የልምምዱ ዓይነት፣ እና የአፈሩ የወቅቱ ሁኔታ።

በምሳሌ እንየው። 14 ታንኮች በቀን 15 ማይል ለ10 ቀን ቢነዱ 2,100 ይሆናል። ልምምዱ አፈሩ እርጥብ በሆነበት ወር ቢደረግና የአፈሩ ማባዣ 1.5 ነው ብንል፣ ያው ልምምድ 3,150 ይደርሳል። ታንክ አልተጨመረም፣ መሬትም አልተቀነሰም፤ የተቀየረው የቀን መቁጠሪያው ብቻ ነው። እርጥብ አፈር ይጠቀጠቃል፣ ደረቅ አፈር ይቦናል። ስለዚህ ወሩን ያልጠቀሰ ሰነድ ስለ ጉዳቱ መጠን የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ረቂቅ ሲደርስዎ በመጀመሪያ የሚፈልጉት ሠንጠረዥ ይህ ይሁን፦ በየወሩ፣ በየክፍለ መሬቱ፣ ስንት ተሽከርካሪ፣ ስንት ማይል። አማካዩን ብቻ ካገኙ ከፍተኛውን ይጠይቁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ግምት አለ፤ ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ከሰንሰለታሙ ይልቅ ለመሬት ይሻላል የሚል። ሁልጊዜ አይደለም። ሰንሰለት ክብደቱን በሰፊው ያካፍላል፣ ነገር ግን ሲታጠፍ ይገሸልጣል። ጎማ ሲታጠፍ ጉዳቱ ያነሰ ነው፣ ክብደቱን ግን በጠባብ ቦታ ስለሚጭነው በእርጥብ አፈር ላይ ጥልቅ ቦይ ይቆፍራል። ዳገት ላይ ያ ቦይ ውሃ ይሰበስባል፤ በሁለት በሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል።

መሬቱን ለብቻ፣ ልምምዱን ለብቻ መገምገም

«አሁን የምንገመግመው የመሬት ዝውውሩን ብቻ ነው፤ ልምምዱ በኋላ ይታያል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኙ ያስምሩበት። መሬት በእጅ መያዙ ብቻውን አቧራ አያስነሳም፤ ስለዚህ እንዲህ የተከፈለ ግምገማ ሁልጊዜ «ጉልህ ተፅዕኖ የለም» ብሎ ይደመድማል። ልምምዱ በሚታይበት ጊዜ ደግሞ መሬቱ ቀድሞ ተወስኗል።

የተገላቢጦሹም ስህተት ነው፤ መሬቱ ካልሰፋ አዲስ ተፅዕኖ የለም ብሎ ማሰብ። በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ የሚገኘው ፒንዮን ካንየን የልምምድ ቦታ በ1983 የተያዘ ሲሆን ስፋቱ 235,000 ኤከር ያህል ነው። ከአርቢዎቹ መሬት ከፊሉ በግዳጅ የተወሰደ ነበር። ጦሩ ከ400,000 ኤከር በላይ ሊጨምርበት ሲያቅድ አርቢዎቹ ተነሱ፤ ኮንግረስም ለማስፋፊያው ገንዘብ እንዳይወጣ አገደ። በ2009 ፍርድ ቤት የሻረው ውሳኔ ግን ስለ አዲስ መሬት አልነበረም። በዚያው በነበረው መሬት ላይ ልምምዱን ስለማብዛት ነበር፤ ዳኛው የጨመረው አጠቃቀም የሚያስከትለው ጉዳት በበቂ ሁኔታ አልተመረመረም አሉ። ጦሩ የማስፋፊያውን ዕቅድ በ2013 ተወ። አጥሩ ሳይነቃነቅ አጠቃቀሙ ሲበዛ፣ ያ ራሱ ግምገማ የሚሻ ማስፋፊያ ነው።

አማራጮችን ለይስሙላ መደርደር

ሦስት አማራጭ ቀርቦ ሦስቱም የአንድ ቦታ ሦስት ካርታ ከሆኑ፣ አማራጭ የለም። የሃዋይ ጉዳይ ለዚህ ይጠቀሳል። ጦሩ በሃዋይ የነበረውን ብርጌድ ስምንት ጎማ ባላቸው የስትራይከር ተሽከርካሪዎች ሲያደራጅ፣ ብርጌዱን ከሃዋይ ውጭ ማደራጀት ይቻል እንደሆነ አልመረመረም ነበር። በ2006 ዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ሕግ መጣስ ነው ብሎ ወሰነ። ጦሩ ግምገማውን እንደገና ሠርቶ በ2008 አሁንም ሃዋይን መረጠ።

ይህን መጨረሻ የሚያዩ «ታዲያ ምን ተጠቀሙ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኔፓ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ መሥሪያ ቤቱ ሳያይ እንዳይወስን ያስገድዳል እንጂ የግድ አረንጓዴውን ምርጫ እንዲመርጥ አያስገድድም። አስተያየት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ካልተረዱ ጉልበታቸውን «አትሥሩ» በማለት ላይ ይጨርሳሉ። ፍሬ ያለው አስተያየት «ይህን አማራጭ አልመረመራችሁም፣ ሊሠራ የሚችልበትም መንገድ ይኸውና» የሚለው ነው፦ ከፊሉን ልምምድ በማስመሰያ መሣሪያ መተካት፣ ክፍለ መሬቶችን በየተራ ማሳረፍ፣ በእርጥብ ወራት ከመንገድ ውጭ መንዳትን መከልከል፣ ወይም ሌላ ሠፈር ያለ ያልተጣበበ ሜዳ መጠቀም።

መነሻውን አንድ ጊዜ ብቻ መለካት

«ከልምምዱ በፊት መሬቱ ምን ይመስል ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ከሌለ፣ ጉዳቱን በኋላ ማረጋገጥ አይቻልም። ቢያንስ በእርጥቡና በደረቁ ወቅት መለካት ያስፈልጋል። የአፈሩ እፍግታ በየጥልቀቱ፣ በዘንግ መለኪያ ሲወጋ የሚያሳየው ጥንካሬ፣ የዕፅዋት ሽፋን፣ የተራቆተ መሬት ድርሻ፣ ያሉት ቦረቦሮች ርዝመትና ጥልቀት ይመዘገባሉ። የመለኪያ መስመሮቹ ጫፎች በምልክት ተተክለው ነጥባቸው ይቀመጥ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ ሌላ ባለሙያ እዚያው ላይ እንዲቆም። ታንክ የማይደርስበት ማነጻጸሪያ ቦታም አብሮ ይለካ፤ አለዚያ ድርቅ ያመጣው ለውጥ በልምምዱ ይሳበባል፣ ወይም የልምምዱ በድርቅ።

በረሃ ላይ በቀላሉ የሚታለፈው የአፈሩ ሕያው ቅርፊት ነው። ከጥቃቅን ሕዋሳትና ከድንጋይ ሽበት የተሠራ ስስ ሽፋን ሲሆን አፈሩን ከነፋስና ከጎርፍ የሚይዘው እሱ ነው። ከሩቅ ባዶ አፈር ስለሚመስል በካርታ ላይ «ዕፅዋት የሌለበት» ተብሎ ይሰፍራል። አንድ ጊዜ በሰንሰለት ሲሰበር የሚያገግመው በብዙ ዓመታት ነው። በሞሃቪ በረሃ ጄኔራል ፓተን ከ1942 ጀምሮ ባቋቋመውና እስከ 1944 በሠራው የልምምድ ማዕከል የታንኮቹ ዱካ ዛሬም ይታያል። በዚያ በረሃ የተጠቀጠቀ አፈር ወደ ቀድሞው ለመመለስ መቶ ዓመት ገደማ እንደሚፈጅበት ጥናቶች ገምተዋል። በአንጻሩ የካንሳስ ረጅም ሣር ዝናብ ካገኘ ከዚያ እጅግ በፈጠነ ጊዜ ያገግማል። ስለዚህ የአንዱን ቦታ የማገገሚያ ዓመት ገልብጦ ለሌላው መጻፍ ራሱን የቻለ ከባድ ስህተት ነው፤ ጸሐፊዎች ደግሞ ከቀድሞ ሰነድ ሲቀዱ ይህን አዘውትረው ያደርጉታል።

እንስሳውን ማዛወርን ራሱን እንደ መፍትሔ መቁጠር

በካሊፎርኒያ ፎርት ኧርዊን ውስጥ ያለው ብሔራዊ የሥልጠና ማዕከል በ2001 መጨረሻ በወጣ ሕግ 110,000 ኤከር ያህል ተጨመረለት። ሕግ ያስፈለገው ከ5,000 ኤከር በላይ የመንግሥት መሬት ለመከላከያ ሲከለል በ1958 ሕግ መሠረት ኮንግረስ መፍቀድ ስላለበት ነው። መሬቱ ላይ ግን ከ1990 ጀምሮ ለመጥፋት የተጋለጠ ተብሎ የተመዘገበው የሞሃቪ የበረሃ ኤሊ ይኖር ነበር።

በ2008 ጸደይ ከደቡባዊው ማስፋፊያ ከ500 በላይ ኤሊዎች ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። ኮዮት የተባለው የቀበሮ ዘመድ ብዙዎቹን ገደለ፤ የተቀረው ዝውውርም ቆመ። እዚህ ላይ ነው ማነጻጸሪያው ያዋጣው። ተመራማሪዎቹ የተዛወሩትን ብቻ ሳይሆን በተቀባዩ ቦታ የነበሩትንና ከዝውውሩ ውጭ የቆዩትንም በሬዲዮ መለያ ይከታተሉ ስለነበር፣ ሦስቱም ወገን እየተበላ መሆኑን አዩ። ድርቁ ጥንቸልና አይጥ ሲያሳጣ ኮዮት ወደ ኤሊ ዞሮ ነበር። ማነጻጸሪያ ባይኖር ጥፋቱ ሁሉ በዝውውሩ ላይ በተላከከ ነበር። ይህ ግን ዕቅዱን ነጻ አያወጣውም፤ በድርቅ ዓመት ማዛወር አዳኝ ወደበዛበት ሜዳ እንግዳ መላክ ነው። ዕቅዱ ውስጥ «ያለፈው ክረምት ዝናብ ከዚህ መጠን ካነሰ ዝውውሩ ይራዘማል» የሚል ቁርጥ ያለ መስፈርት መኖር ነበረበት።

ኤሊ ሲቆጠር ሌላም ጥንቃቄ ያሻል። ይህ እንስሳ እስከ 95 በመቶ ዕድሜውን የሚያሳልፈው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆጠራው ንቁ በሚሆንባቸው ወራት፣ በሚያዝያና ግንቦት ወይም በመስከረምና ጥቅምት፣ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሆኖ፣ 10 ሜትር ስፋት ባላቸው መስመሮች በእግር ይካሄዳል። በሐምሌ ተዙሮ «ኤሊ አልተገኘም» ማለት ዋጋ የለውም። ከማዛወር በፊት ደግሞ እያንዳንዱ እንስሳ ለመተንፈሻ አካል በሽታ ይመረመራል፤ አለዚያ የታመመው ጤነኛውን መንጋ ይበክላል።

አቧራውንና ድምፁን በተሳሳተ መለኪያ ማየት

ከጭስ ማውጫ የሚወጣውን ቆጥሮ ከሰንሰለቱ ሥር የሚነሳውን አቧራ መርሳት የተለመደ ነው። በበረሃ ግን ዋናው ብናኝ ሁለተኛው ነው። የአየር ጥራት ደረጃን በመጠኑ በማያሟላ አካባቢ የደቃቅ ብናኝ ጭማሪው በዓመት 100 ቶን ከደረሰ የንጹሕ አየር ሕጉ የተለየ ምርመራ ይጠይቃል፤ አቧራው ካልተቆጠረ ሰነዱ በሐሰት ከገደቡ በታች ይሆናል። ድምፅን በተመለከተ የተሽከርካሪው ድምፅና የመድፍ ፍንዳታ በአንድ ሚዛን አይለኩም፤ ለከባድ ፍንዳታ ዝቅተኛ ድግምግሞሽን የሚይዘው የሲ ሚዛን ነው የሚያስፈልገው። የዓመት አማካይ ብቻ ከተሰጠ መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ሌሊት ይደበቃል።

«እናስተካክለዋለን» ብሎ በጀትና ገደብ አለመጻፍ

የማቃለያ እርምጃዎች ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ «እንደ አስፈላጊነቱ» በሚል ሐረግ የተሞላ ነው። አስፈላጊነቱን ማን ይወስናል? በምን ልኬት? በእኛ እምነት ከሁሉም ስህተት ጎጂው ይህ ነው፤ ምክንያቱም «ጉልህ ተፅዕኖ የለም» የሚለው መደምደሚያ የሚቆመው በእነዚህ ተስፋዎች ላይ ነው። አንድ እርምጃ አራት ነገር ሊኖረው ይገባል፦ የሚቀሰቅሰው ልኬት፣ የሚፈጽመው ክፍል፣ የጊዜ ገደብ፣ የተመደበ ገንዘብ። «የተራቆተው ድርሻ ከተቀመጠው መቶኛ ሲያልፍ ክፍለ መሬቱ ለሁለት የዕድገት ወቅት ይዘጋል፣ በአገሬው ሣር ይዘራል» ከተባለ ሊመረመር ይችላል። የወንዝ መሻገሪያ በጠጠርና በድንጋይ ይጠነክራል ከተባለ የትኞቹ መሻገሪያዎች እንደሆኑ በካርታ ይመላከት። ዘሩ ደግሞ ከአካባቢው ይሁን፤ በተገሸለጠ መሬት ቀድሞ የሚገባው ወራሪ ሣር ነው፣ እሱም ቶሎ ይደርቃልና እሳት ይጠራል።

ባረጀ ደንብ መሥራት

ከጥቂት ዓመት በፊት የተዘጋጀ መመሪያ ይዞ መነሳት ዛሬ ያሳስታል። በ2023 የወጣው የኔፓ ማሻሻያ ሙሉውን የተፅዕኖ ሰነድ በ150 ገጽ፣ እጅግ ውስብስብ ከሆነ በ300 ገጽ፣ አጭሩን ግምገማ ደግሞ በ75 ገጽ ወሰነ፤ ጊዜውንም በሁለት ዓመትና በአንድ ዓመት። ኔፓ እንዴት እንደሚፈጸም የሚደነግጉት፣ ከ1978 ጀምሮ የነበሩት የአካባቢ ጥራት ምክር ቤት ደንቦች ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ተሽረዋል። በግንቦት 2025 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ለመሥሪያ ቤቶች ግምት ሰፊ ክብደት እንዲሰጡ ወስኗል፤ መሥሪያ ቤቱም ራሳቸውን የቻሉ ሌሎች ፕሮጀክቶችን ተፅዕኖ እንዲመረምር እንደማይገደድ ተናግሯል። ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎች ሕግና የ1966ቱ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ግን የየራሳቸው ግዴታ አላቸው፤ ከኔፓ ጋር አልተሻሩም።

የገጽ ገደቡ አባሪዎችን አይቆጥርም። ስለዚህ ጸሐፊ ከሆኑ የየወሩን የተሽከርካሪና የማይል ሠንጠረዥ፣ የአፈር ልኬቱንና የቆጠራ መስመሮቹን በአባሪ ያኑሩ፤ ከእነሱ የወጣውን ድምዳሜ ግን ከሠንጠረዡ ቁጥር ጋር በዋናው ጽሑፍ ይጻፉ። አንባቢ ከሆኑ ንባብዎን ከአባሪው ይጀምሩ።